ለመከላከያ የተቀመጠ ሽጉጥ እስከ ምን ድረስ ይነካካል?

እ.ኤ.አ. በ1983 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ኒው ዮርክ ውስጥ በመኪና ግጭት የተጀመረ ጠብ በሰው ሞት አለቀ። አንደኛው ወገን ፈቃድ ያለው ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱን በሚሽከረከር ከበሮ የሚይዝ ሽጉጥ፣ ነበረው። ከግጭቱ በኋላ ቤቱ ሄዶ ሽጉጡን ይዞ ተመለሰ። ዱላ የያዘው ሰው ወደ እሱ ሲመጣ የሽጉጡን መዶሻ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ስቦ አነጣጠረበት። ጥይቱ ወጣና ሰውየው ሞተ። ተኳሹ ችሎት ፊት ሲቀርብ ለመተኮስ አስቦ እንዳልነበረና ሽጉጡ እንደባረቀበት ተናገረ። በነፍስ ግድያ ተፈረደበት። በይግባኝ ወደ ቀለለ የግድያ ወንጀል ዝቅ ተደረገለት፤ የግዛቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ1986 ይህንኑ አጸናው።

የሽጉጡን አሠራር ማንም አልቀየረውም። ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ሪቮልቨር ሁለት ዓይነት ቃታ አለው ማለት ይቻላል። (ምላጭ የሚሉትም አሉ፤ እኔ ቃታ እያልኩ እቀጥላለሁ።) መዶሻው ባለበት ሆኖ ሲሳብ ጣት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ተኩል የሚሆን ክብደት እየጎተተ ረጅም መንገድ ይሄዳል። መዶሻው አስቀድሞ ወደ ኋላ ከተሳበ ግን የሚቀረው 2 ኪሎ ቢሆን ነው፤ መንገዱም ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። በዚያ ላይ የተቆጣ፣ የፈራና ልቡ የሚደልቅ ሰው ጣት ሲያርፍ ምን እንደሚመጣ መገመት አይከብድም። ያ ሰው በአውራ ጣቱ በአንድ ቅጽበት ያደረገውን ነገር ዛሬ ብዙ የመሣሪያ ባለቤቶች ገንዘብ ከፍለው ቋሚ ያደርጉታል። ቃታ አቅልሉልን ይላሉ።

ለመከላከያ የተቀመጠን ሽጉጥ መቀየር ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ሰዉ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን ከፋብሪካ እንደወጣ ተወው ይላል። ሌላው ደግሞ ሕይወቴን የምጠብቅበት ዕቃ ስለሆነ የፈለግኩትን ሁሉ አደርግበታለሁ ይላል። ሁለቱም ጥያቄውን በአንድ ቃል ሊመልሱት ስለሚፈልጉ ይስታሉ። ለማየት፣ ለመጨበጥና ዒላማን ለመለየት የሚረዳ ለውጥ ሌላ ነው፤ ሽጉጡ መቼና እንዴት እንደሚተኩስ የሚቀይር ለውጥ ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። ሁለተኛውን ቤት ውስጥ ለመከላከያ በተቀመጠ መሣሪያ ላይ አልደግፈውም፤ ምክንያቴንም ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

ቃታ ማቅለል ለምን እንደሚያጓጓ የተኮሰ ሁሉ ያውቀዋል። ከባድ ቃታ ሲሳብ እጅ አብሮ ይሳባል፤ አፈሙዙ በመጨረሻዋ ቅጽበት ይሸሻል፤ ጥይቱ ካነጣጠሩበት ዝቅ ብሎ ያርፋል። ቃታው ሲቀል ወረቀቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ይሰበሰባሉ። ይህ ጥቅም እውነት ስለሆነ መካድ አያስፈልግም። የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ለብዙ ዓመታት ሽጉጦቹን ወደ 5 ኪሎ ተኩል በሚጠጋ ቃታ ሲያስታጥቅ የኖረው እንዳይባርቅ ብሎ ነበር። ነሐሴ 2012 ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ አጠገብ ሁለት ፖሊሶች አንድ ታጣቂ ላይ 16 ጥይት ሲተኩሱ ዘጠኝ መንገደኞች በጥይትና በፍንጣሪ ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ ያ ከባድ ቃታ ክፉኛ ተተቸ። በ2021 ደግሞ ፖሊሱ ለአዳዲስ ምልምሎች ቀለል ያለ ቃታ ያለው ሽጉጥ መስጠት ጀመረ። ስለዚህ ቃታ በከበደ ቁጥር ይሻላል የሚል ሰው ይህን ታሪክ መመለስ አለበት።

ልብ ማለት የሚገባው ግን ፖሊሱ ቀለል አደረገ ሲባል ወዴት እንደሄደ ነው። የሄደው ዛሬ አብዛኛው የመከላከያ ሽጉጥ ከፋብሪካ ይዞት ወደሚወጣው መጠን ነው፤ ይኸውም ከ2 እስከ 3 ኪሎ መካከል ያለው ነው። እኔ የምቃወመው ከዚያ በታች ያለውን ነው፤ ለውድድር የሚሠራውን፣ ገና ሳይጫኑት የሚለቀውን 1 ኪሎ ገደማ የሆነ ቃታ። የውድድር ተኳሽ ዒላማው ወረቀት ወይም ብረት ነው። ዳኛ አጠገቡ ቆሟል፣ ጣቱን መቼ እንደሚያስገባ ያውቃል፣ ከተኩሱ በፊት ሦስት ጊዜ ተንፍሷል። በሌሊት ከእንቅልፉ ደንግጦ የተነሳ ሰው እጅ እንደዚያ አይደለም።

የሰውነት እንቅስቃሴ ተመራማሪው ሮጀር ኢኖካ በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው ሳያስበው ቃታ የሚስብባቸውን ሦስት አጋጣሚዎች ለይቷል። አንደኛው በድንገት መደንገጥ ነው፤ መላ አካል ሲኮማተር ጣትም አብሮ ይኮማተራል። ሁለተኛው ሚዛን መሳት ነው፤ ሰው ሲወድቅ እጁ ያገኘውን አጥብቆ ይይዛል። ሦስተኛው አንዱ እጅ ሲጨብጥ ሌላውም ሳይታዘዝ መጨበጡ ነው። ይህን የሚጠራጠር ሰው በግራ እጁ በር ሊያንኳኳ ወይም መቀርቀሪያ ሊስብ ሲሞክር ቀኝ እጁን ይመልከት። በሌሊት ቤት ውስጥ የሚሆነው ደግሞ ይኸው ነው። ድንጋጤ አለ፣ ጨለማ ውስጥ መደነቃቀፍ አለ፣ በአንድ እጅ ሽጉጥ ይዞ በሌላው በር መክፈት ወይም ልጅ መጎተት አለ። እንዲህ ዓይነቱ መኮማተር የፋብሪካ ቃታን እንኳ ሊስብ ይችላል፤ መፍትሔው ጣትን ከቃታው ውጪ ማኖር ነው። ግን ጣት በስህተት የገባችበት ቀን ይመጣል ብለን ካሰብን፣ ያን ቀን በጣቷና በጥይቱ መካከል ያለው 3 ኪሎ ይሁን ወይስ 1 ኪሎ?

ጥቅሙስ ምን ያህል ነው? ቃታ ማቅለል ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በ25 ሜትር ርቀት ትንሽ ክብ ላይ ሲተኮስ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ርቀት የአንድ ክፍል ስፋት ነው፤ አራት፣ አምስት ሜትር። እዚያ ርቀት ላይ ዒላማውን የሚስት ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ስላልተለማመደ፣ ስለደነገጠ ወይም ስላላየ ነው።

ወደ ችሎቱ ልመለስ፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር እዚያ ነው ያለው።

ራሴን ተከላከልኩ የሚል ሰው ሲተረጎም የሚለው ይህንን ነው፦ ተኩሻለሁ፣ አስቤበት ነው የተኮስኩት፣ ምርጫ ስላልነበረኝ ነው። ባረቀብኝ የሚል ሰው ደግሞ የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ መተኮስ አላሰብኩም ነው የሚለው። ሁለቱ በአንድ አፍ አይነገሩም። ዐቃቤ ሕግ ሆን ብሎ የተኮሰበትን አሳማኝ ምክንያት ማፍረስ ሲያቅተው ሌላ በር ይፈልጋል። ተከሳሹ አስፈራርቶ ሳለ በቸልተኝነት ባረቀበት፣ አሁን ግን መከላከል ነበር እያለ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ተከሳሹ ራሱን በትክክል የመከላከሉ ክርክር ይቀርና ክርክሩ ስለ ጥንቃቄ ጉድለት ይሆናል። ፋብሪካው ባስቀመጠው ክብደት ላይ ያለ ቃታ ሲሆን ይህ ክስ በቀላሉ መቆሚያ አያገኝም። ቃታው ከፋብሪካው መጠን ግማሽ እንዲሆን ተደርጎ ሲገኝ ግን ከሳሹ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠው ማስረጃ አገኘ ማለት ነው፤ የመሣሪያ ባለሙያ ጠርቶ በመለኪያ ያስለካዋል፣ ቁጥሩን ያስነብበዋል።

የካሣ ክስ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የቤት መድን ውል በቸልተኝነት ለደረሰ ጉዳት ይከፍላል፣ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ግን አይከፍልም። ስለዚህ የሟች ወይም የቁስለኛ ቤተሰብ ጠበቃ ከመድን ድርጅቱ ገንዘብ ለማግኘት ከፈለገ ተኩሱ በቸልተኝነት የሆነ መሆን አለበት። ሰውየው ሆን ብሎና በሕግ ተፈቅዶለት ቢተኩስም እንኳ ጠበቃው ባርቆበት ነው ብሎ እንዲከራከር የሚገፋው ጥቅም አለ። የቀለለ ቃታ ለዚህ ክርክር ራሱ የተሰጠ ስጦታ ነው።

ይህን ስል አጋንኜ ማስፈራራት አልፈልግም። ሁኔታው ግልጽ በሆነበት ጊዜ፣ በር ሰብሮ የገባ የታጠቀ ሰው ሲኖር፣ መርማሪው የቃታ ክብደት ላይ ብዙ ላይቆም ይችላል። ቃታ ለማቅለል ሞላ (ስፕሪንግ) መለወጥ ብቻውን ትክክለኛ መከላከልን ወንጀል አያደርገውም። ችግሩ ማንም ሰው የእሱ ጉዳይ ግልጽ ይሆናል ብሎ አስቀድሞ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ምስክር በሌለበት፣ ጨለማ ውስጥ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ በነበሩበት ጉዳይ ሁሉም ነገር ይመረመራል።

ጥይት ሳይቀር ይመረመራል። በ2004 አሪዞና ውስጥ ጡረታ የወጣ መምህር በእግር መንገድ ላይ ወደ እሱ እየሮጠ የመጣን ሰው በ10 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ተኩሶ ገደለ። ዐቃቤ ሕጉ ሽጉጡ ከሚያስፈልገው በላይ ኃይለኛ እንደሆነና ጥይቶቹም ጫፋቸው ጎድጓዳ እንደሆነ ለዳኝነት ጉባኤው፣ ከሕዝብ ተመርጠው ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ለሚወስኑት ሰዎች፣ አጥብቆ አነሳ። መምህሩ በ2006 ተፈረደበት፤ በ2009 ፍርዱ በሌሎች ምክንያቶች ተሽሮ ነፃ ወጣ። በመሀል ዓመታት እስር ቤት አልፈዋል። ጫፉ ጎድጓዳ ጥይት ሰው ላይ ሲያርፍ ስለሚሰፋ አልፎ ሌላ ሰው የመምታት ዕድሉ ይቀንሳል። ፖሊሶች የሚይዙትም በዚህ ምክንያት ነው። በ1899 የሄግ መግለጫ ግን በአገሮች መካከል በሚደረግ ጦርነት ተከልክሏል፤ ለማያውቅ ሰው ይህ ብቻ ተነግሮት ቢተው ምን እንደሚያስብ ግልጽ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ጥይት መያዝ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ስለሚቻል። ማንኛውም ለውጥ ይህን ፈተና ማለፍ አለበት። ለምን አደረግከው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሰውን ከአደጋ የሚያርቅ መሆን አለበት። ጨለማ ውስጥ የምተኩስበትን እንዳይ ነው የሚል መልስ ችሎት ፊት ይቆማል። ቶሎ እንዲተኩስልኝ ነው የሚል ግን አይቆምም።

መሣሪያ ላይ ጽሑፍና ሥዕል ማስቀረጽስ? በጣም ቀላሉ ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱ አይሆንም ነው። በ2016 አሪዞና፣ ሜሳ ከተማ፣ ሆቴል ኮሪደር ላይ መሣሪያ ያልያዘ ሰውን የገደለ ፖሊስ ኤአር-15 ጠመንጃው ላይ አንተ አለቀልህ የሚል ትርጉም ያለው ጸያፍ ቃል ተቀርጾበት ተገኘ። ዳኛው ጽሑፉ ጉባኤውን ያዛባል ብሎ እንዳይቀርብ ከለከለ፤ ፖሊሱም በ2017 በነፃ ተለቀቀ። ያ ቃል ግን ዛሬም ከስሙ ጋር አብሮ ይነሳል። ሌላ ዳኛ ቢሆን ላይከለክል ይችል ነበር። የራስ ቅል ሥዕል፣ የቀልድ ፉከራ፣ የሞት ምልክት፣ ሁሉም ባለቤቱ በሌለበት ስለ ባለቤቱ ልብ ይመሰክራል፤ የሚያስገኘው ጥቅም ደግሞ አንድም የለም።

አሁን ከሕግ ወጥቼ ወደ ዕቃው ልግባ። ለመከላከያ የተቀመጠ ሽጉጥ የመጀመሪያ ግዴታው ሲሳብ መተኮስ፣ ሳይሳብ አለመተኮስ ነው። ሞላ ሲለወጥ ሁለቱም ይነካሉ። አንድ ጊዜ ዒላማ መለማመጃ ቦታ አጠገቤ የነበረ ሰው የሽጉጡን ሞላ በቀለለ አስለውጦ ነበር፤ ቃታው በእርግጥ እንደ ቅቤ ይሄዳል። አሥራ ምናምን ጥይት ከተኮሰ በኋላ ቃታውን ሳበ፣ ቀጭ አለ፣ ምንም የለም። ጥይቱን አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖረው። ከቀለሁ ሥር መሃል ላይ ያለችው፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሽ ክብ ላይ፣ ቃታ ሲሳብ ወደ ፊት ሄዶ የሚመታት መርፌ የነካበት ምልክት ይታያል፤ ግን ጭረት ብቻ ነው፣ አልሰረጎደም። አቅም ያጣ ሞላ መርፌውን በሚገባ አልገፋውም። ሌላ ዓይነት ጥይት ሲያጎርሰው እንደገና ተኮሰ፣ ከአራት ጥይት በኋላ እንደገና ከሸፈ። ሰውየው ሳቅ ብሎ ቀጠለ፤ ልምምድ ነውና። እኔ ግን ያቺን ጭረት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ ያን ማታ ወደ ቤቱ ወስዶ አልጋው አጠገብ የሚያስቀምጠው ያንኑ ሽጉጥ ነበር።

ፋብሪካዎችም ይሳሳታሉ፤ ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው ይህ ነው። በ2017 የአሜሪካ ጦር ሲግ ሳውር ከሚባለው አምራች የፒ320 ቤተሰብ አዲሱን ሽጉጡን መረጠ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ለሕዝብ የተሸጠው ፒ320 በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ታየ፤ አምራቹም ለገዢዎች በነፃ ማሻሻያ አቀረበ። ከማሻሻያው አንዱ የቃታውን ብረት ራሱን ማቅለል ነበር፤ ሽጉጡ መሬት ሲመታ የከበደው ቃታ በራሱ ጉልበት ወደ ኋላ እየሄደ ነበርና። ብዙ መሐንዲስና ብዙ ሺህ የሙከራ ጥይት ያለው ፋብሪካ ያላየውን ነገር፣ ሁለት ከተለያየ ቦታ የተገዙ ዕቃዎችን አገጣጥሞ ሃምሳ ጥይት የተኮሰ ሰው አይቼዋለሁ ሊል አይችልም። መርፌው ቃታ ሳይሳብ ወደ ፊት እንዳይሄድ የሚያግደውን ዕቃ፣ ወይም የጥይት ካዝናው ሲወጣ ሽጉጡ እንዳይተኩስ የሚያደርገውን አውጥቶ መጣል ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። በ1935 የወጣው ብራውኒንግ ሃይ ፓወር የተባለ ሽጉጥ ይህ የካዝና ማገጃ ነበረው፤ ቃታውን ያከብዳል ብለው ብዙዎች ያወጡታል። ምን አደረግህ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የደህንነት ማገጃውን አወጣሁት ነው፤ ይህን ዳኛ እንዲረዳው ባለሙያ መጥራት እንኳ አያስፈልግም።

የካዝና መልቀቂያውን ማስረዘም፣ አፈሙዙ ላይ ጋዝ ወደ ላይ የሚያወጣ ቀዳዳ ማስበጀት፣ ለውድድር ጥሩ ናቸው። ቤት ውስጥ የመጀመሪያው አልጋ ላይ ሲቀመጥ ተጭኖ ካዝናውን ይጥላል፤ ሁለተኛው በጨለማ ነበልባሉን ወደ ተኳሹ ዓይን ይልካል። በርሜል ማሳጠርና ሽጉጥን በአንድ ስበት ተከታታይ እንዲተኩስ ማድረግ ደግሞ የጣዕም ጉዳይ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ ሳይቀር ከ1934 ጀምሮ በርሜሉ ያጠረ ጠመንጃ የተለየ ምዝገባ ይፈልጋል፣ ዛሬ ወሰኑ 16 ኢንች ነው፤ ሽጉጥን ተከታታይ ተኳሽ የሚያደርጉት ትንንሽ ዕቃዎችም በሕግ እንደ መትረየስ ይቆጠራሉ። በየአገሩ ፈቃዱ የተሰጠው ለተመዘገበው መሣሪያ ስለሆነ ማንኛውንም ነገር ከመንካት በፊት ፈቃዱን ማንበብ ይቀድማል።

የምደግፋቸው ለውጦች ግን አሉ፤ በሙሉ ልብ።

ዓይን መጀመሪያ ነው። ሰው ዕድሜው አርባን ሲያልፍ ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ ማየት ያቅተዋል፤ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ደግሞ ያለው በትክክል እጅ ተዘርግቶ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ጥቁር በጥቁር ላይ የሆነውን በደማቅ ቀለም ወይም በጨለማ በሚያበራ መለወጥ አንድም ሰው የሚነቅፈው አይደለም። ያለ ባትሪ በሚያበራው በትሪቲየም (ጨረር አመንጪ ጋዝ) የሚሠራ ከሆነ፣ ትሪቲየሙ በ12.3 ዓመት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ አሥር ዓመት የሞላው ማነጣጠሪያ እንደ ድሮው ያበራል ተብሎ አይጠበቅ። ቀይ ነጥብ የሚያሳየው ሬድ ዶት ለደከመ ዓይን ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን ባትሪው በየዓመቱ በታወቀ ቀን ይለወጥ፣ ነጥቡንም ቶሎ ማግኘት ልምምድ ይጠይቃል።

ከዚያ እጅ ነው። እጀታው ከወፈረ ጣት ቃታው ጋ በደንብ አትደርስም፤ ሰውየው ሽጉጡን በመዳፉ አዙሮ ይይዛል፣ ተኩሱም ይዛባል። ብዙ ዘመናዊ ሽጉጥ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሦስት የተለያየ መጠን ያለው የእጀታ ጀርባ ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ግን ሳይሞክረው ሳጥኑን ይዘጋል። ቃታው ከበደኝ ከሚሉት ውስጥ ስንቶቹ እጀታው ልካቸው ያልሆነ ይሆኑ!

መብራት ሦስተኛው ነው፤ እዚህ ላይ ልቆይ። በሌሊት የሚመጣው ትልቁ ስህተት የራስን ሰው መምታት ነው። አምሽቶ የገባ ልጅ፣ ውኃ ሊጠጣ የተነሳ አባት፣ ሳይነግር የመጣ ወንድም። ስለዚህ ብርሃን ከማንኛውም ለውጥ በላይ ሕይወት ያድናል። ሽጉጡ ላይ የሚታሰር መብራት ሌላኛውን እጅ ነፃ ስለሚያደርግ ጠቃሚ ነው፤ ግን መብራቱ የሚያይበት ሁሉ አፈሙዙም የሚያይበት ነው። ማን እንደሆነ ለማየት ሲባል የገዛ ልጅ ላይ የጎረሰ ሽጉጥ ማነጣጠር ይመጣል። ስለዚህ ሽጉጡ ላይ መብራት ያሰረ ሰው ለብቻው በእጅ የሚያዝ ባትሪም አጠገቡ ይኑረው፤ መፈለጊያው እሱ ነው። የሽጉጡን መብራት ማብራት ግድ ካለ ወለሉ ላይ ያብራው፤ ከወለሉ የሚመለሰው ብርሃን ብዙ ጊዜ ክፍሉን ለማየት ይበቃል። መብራቱ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ሽጉጡ የድሮ ማህደሩ (ወገብ ላይ የሚታሰረው መያዣው) ውስጥ አይገባም፤ አዲስ ማህደር ያስፈልጋል። ልኩ ያልሆነ ማህደር ቃታውን ሊነካ ይችላልና በዚህ አይቀለድም።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ገንዘቡ መቆለፊያ ያለው ሳጥንና የልምምድ ጥይት ላይ ቢወጣ እመርጣለሁ። ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ቃታው 1 ኪሎ የሆነ፣ የጎረሰ፣ ያልተቆለፈ ሽጉጥ እንዳለ ሳስብ የሕግ ክርክሩ ሁሉ ከአእምሮዬ ይጠፋል። ትንሽ ልጅ በአንድ ጣቱ መሳብ ሲያቅተው በሁለት አውራ ጣቱ ገፍቶ ይሞክራል፤ 1 ኪሎ ደግሞ ለትንሽ ልጅ አውራ ጣት ምንም አይደለም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ብዙ ሰው ሽጉጡን አዲስ አይገዛም። ከሌላ እጅ የመጣ መሣሪያ የቀድሞ ባለቤቱ ምን እንዳስለወጠበት አይናገርም፤ ችሎት ላይ ግን የሚጠየቀው የአሁኑ ባለቤት ነው። ስለዚህ የተገዛ ሰሞን ፈቃድ ላለው ጠጋኝ ወስዶ ማስፈተሽ ይገባል። ጠጋኙ ባዶ መሆኑን አረጋግጦ የመለኪያውን ሜንጦ ቃታው ላይ ያስገባና ቀስ ብሎ ይስባል፤ የሽጉጡ መርፌ እስኪለቅ ድረስ ያለው ክብደት ይነበባል። አምስት ጊዜ ይለካ፣ መካከለኛው ይወሰድ፣ ፋብሪካው ካወጣው መጠን ጋር ይነጻጸር። ዝቅ ብሎ ከተገኘ የፋብሪካው ሞላ ይመለስ፤ የሠራበት ወረቀት ቀኑና ቁጥሩ ተጽፎበት፣ የወጣው ሞላም በትንሽ ፌስታል ታስሮ አብሮት ይቀመጥ።